ሁለት ጋን ያለው አውሮፕላን

ቅዳሜ፣ ኅዳር 14

ለምወድህ ልጄ፣ ለአኩራፊው፤

እንዴት ነህልኝ? እኔ ጉልበቴን ትንሽ ያመኛል እንጂ ደህና ነኝ። መልስ ባትሰጠኝም እጽፍልሃለሁ፤ ዝም ስትል ደግሞ ያለ ከልካይ አወራለሁ።

ይሄን ወሬ ቁጭ ብለህ አንብበው። እናትህ ዛሬ አዲሱን አውሮፕላን ብቻዋን አበረረች! ያቺን የለመድኳትን አሮጊት አውሮፕላን፣ አንተም የተማርክባትን፣ ሸጧት። አሁን የሚያከራዩን ሌላ ዓይነት ነው። ክንፉ ከሥር ነው፤ በሩም አንድ ብቻ፣ ያውም በቀኝ በኩል። የመጀመሪያ ቀን በግራ ሄጄ በር ፍለጋ ስዳብስ መካኒኩ በሳቅ ሞተ። "እትዬ፣ የአውቶቡስም በር እኮ በቀኝ ነው" አይለኝም? ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ለነዳ ሰው! "እሱ የተሳፋሪ ነው፤ የሹፌሩ በግራ ነው" ብዬ አፉን አስያዝኩት።

የአከራዮቹን ሕግ ታውቀዋለህ፤ የበረራ ፈቃድ ቢኖርህም አስተማሪው አብሮህ በርሮ ካልፈረመ ቁልፉን አይሰጡህም። አስተማሪው ያው "ጭጭ" የምንለው ነው፤ ቃል ከአፉ የሚወጣው በሚዛን ነው። እሱ ካልፈረመልኝ ሌላ አውሮፕላን የለም፤ መብረሬ እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው።

ሰኞ ዕለት ተኩራርቼ አብሬው ወጣሁ። አሮጊቷ ከሁለቱም ክንፎች ነዳጅ በራሷ ትስብ ነበር። ይሄኛው ግን በየክንፉ የነዳጅ ጋን ቢኖረውም የሚጠጣው ከአንዱ ብቻ ነው፤ በየግማሽ ሰዓቱ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ማዞር የኔ ሥራ ነው። ጭጭ ነግሮኛል፣ ሰምቻለሁም። ግን አውቶቡሴ አንድ ጋን ነበረው፤ ዓይኔ የለመደው አንድ መለኪያ ማየት ነው። የቀኙን አየሁ፤ ሙሉ ነው። ጎሽ ብዬ ቀጠልኩ። ለካ የሚጠጣው ከግራው ኖሯል! ጭጭ አይቶኛል፤ ከፍ ብለን ስለነበር፣ እንድማርበት ሆን ብሎ ጭጭ አለ።

ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳለና ጸጥ አለ። እግሬ፣ አትሳቅ፣ ፍሬን ፈለገ። ሰማይ ላይ! ጭጭ ድምፁን እንኳ ሳያነሳ "ከግራ ጉልበትሽ አጠገብ" አለ። የጋኑን ማዞሪያ ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ የነዳጅ ፓምፑን አበራሁ፣ ሞተሩ ተነሳ።

ስንወርድ "ፈራሽ?" አለኝ። "ኧረ ምን ሆኜ!" አልኩት። አልፈረመም። ቤቴ ገብቼ ሻይ ልቀዳ ብል ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።

ልጄ፣ ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ከአሮጊቷ ወርደህ፣ ያ ሁሉ ሰው እያየህ፣ "እማዬ፣ ፈራሁ፤ አልቀጥልም" ያልከኝ ቀን። እኔስ ምን አልኩህ? "እኔ ፈሪ አልወለድኩም።" አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔን ግን ወዲያው ታውቆኝ ነበር፤ ቃሌን ልመልስ ብል ኩራቴ አልፈቀደም። ስንት ዓመት ሙሉ!

ዛሬ ጠዋት ጭጭ ቀበቶውን ሳያስር "ሰኞ ዋሽቼሃለሁ፤ በጣም ፈርቼ ነበር" አልኩት።

"እኔም" አለ።

አንድ ሰዓት ያህል በረርን። ጋኑን በሰዓቱ፣ ጮክ ብዬ እየተናገርኩ አዞርኩ። ስናርፍ ወረቀቱ ላይ ፈረመልኝና ወረደ። ብቻዬን ሦስት ጊዜ ተነስቼ ሦስት ጊዜ አረፍኩ። የመጨረሻው አስተራረፌ እንኳን ሰው እንቁላል አይሰብርም ነበር፤ እዩኝ እዩኝ እያልኩ ወረድኩ። ምን ላድርግ፣ ኮርቻለሁ!

መካኒኩ፣ ጸሐፊዋ፣ ሽማግሌው ዘበኛ፣ ሁሉም ከበው "አንቺ ደፋር!" አሉኝ። ያን ቀንም እዚያው ነበሩ። በነሱ ፊት ነው ያዋረድኩህ። ስለዚህ በነሱ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ደፋሩስ ልጄ ነው፤ ፈራሁ ማለትን ከሱ ነው የተማርኩት፤ ያን ቀን ያጠፋሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።

ይቅር በለኝ፣ ዓይኔ። ለመብረር ባይሆንም ና። መንገድህን የቀና፣ እንቅልፍህን የሰላም ያድርግልህ።

እናትህ