በማይሞቱት ደጅ የቆመው ወንድማችን

ለተከበርከው ወንድሜ፣ ለወንድም ጋሼ፤

እንደምን ከርማችኋል? የጎንህ ውጋት ለቀቀህ ወይስ አሁንም ሌሊት ሌሊት ያገላብጥሃል? እማዬ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ባለቤትህ፣ ትልቁ ልጅህ፣ መንትዮቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፤ ሱቄም እንደተከፈተ ነው። ብቻ ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ ጮክ ብለህ አታንብብላት። መጀመሪያ ለብቻህ፣ ቁጭ ብለህ ጨርሰው። ከዚያ እሳት ውስጥ ክተተው።

ባለፈው ደብዳቤህ ሽማግሌዎች ይዘህ፣ ትልቁን ልጅህንም አስከትለህ ልትመጣ እንዳሰብክ ጽፈህልኛል። የንጉሡ ቤተሰብ እግር ላይ ወድቀህ ታናሻችንን አቡሽን ልታስፈታው ነው። «እነሱም ሰው ናቸው፣ አንጀት አላቸው፤ ለመሆኑ ስንት ወታደር ቢኖራቸው ነው እንዲህ የምትፈሯቸው?» ብለሃል። መልሴ አንድ ነው፤ እንዳትመጣ። አንተ ግን የነገሩን ሥር ካልነገሩህ የማትመለስ ሰው ስለሆንክ ከሥሩ ልንገርህ።

ወታደር የላቸውም ማለት ይቻላል። የቤተ መንግሥቱን በር የሚጠብቀው ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ሲያንኮራፋ ነው የሚውለው፤ ዕቃ ሳደርስ መቀርቀሪያውን የምከፍተው እኔው ነኝ። ጉልበታቸው ሌላ ነው። አይሞቱም። አይሞቱም ስልህ ደግሞ እንደ ተረት አትስማው። የልብስ ቁልፍና ገበር የማስረክበው ለእነሱ ልብስ ሰፊዎች ነው፤ ንጉሡ አሁን የሚለብሱትን ካባ የሰፋው የዋናው ልብስ ሰፊ ቅድመ አያት ነው። ሰፊው አፈር ሆኗል፤ ገበሩ አርጅቶ ስንቴ ተቀይሯል፤ ባለካባው ግን ያው ሰውዬ ናቸው፤ ወገባቸው እንኳ አልሰፋም።

በአያቶቻችን ዘመን ገበያው አምጾባቸው ነበር አሉ። የቤተሰቡ ሰዎች መስኮታቸውን ዘግተው ቁጭ አሉ። ማንንም አልገደሉም፣ ማንንም አላሰሩም። ያመጹት ሰዎች ድል አደረግን ብለው ጨፈሩ፣ ተጋቡ፣ ወለዱ፣ አረጁ፣ ሞቱ። የመጨረሻው ሽማግሌ በተቀበረ ማግሥት መስኮቱ ተከፈተና ንጉሡ ብቅ ብለው ለልጅ ልጆቹ «እህ፣ ምን ላይ ነበርን?» አሏቸው። የዚህ አገር ሰው ይህን ሲያወራ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ሳልስቅ ብታይ ደንበኛ ይርቀኛል።

ይህ አላጠግብህ ካለ ደግሞ ስለ ጎረቤቴ ልንገርህ፤ ሥጋ ሻጭ ነው። አያቱ ንጉሡን ደረታቸው ላይ በቢላዋ ወግቷቸው ነበር። እሳቸው ቢላዋውን ነቀሉና በመሐረባቸው ጠርገው ለባለቤቱ መለሱለት። «አልሆነልህም፤ ነገ ጠዋት ደግሞ ሞክር» አሉት። ሰውየው በነጋታው በደስታ መጣ። በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። ወዲያው ግን ደስታው አለቀና ግዴታው ቀረ። ዓመት ሳይሞላው እግራቸው ላይ ወድቆ ግደሉኝ ብሎ ለመናቸው። «እኛ ቤት ሰው አይገደልም» አሉት። እሱ ሲሞት ልጁ ተተካ፣ ልጁ ሲሞት ይሄ ጎረቤቴ። ዛሬም ጠዋት ጠዋት ይገባና ንጉሡን አንዴ ወግቶ፣ ቢላዋውን አጥቦ ሱቁን ይከፍታል።

«እንዴት አደሩልህ?» እለዋለሁ።

«ከእኔ ይሻላሉ፤ ዛሬማ እያዛጉ ነው የተወጉልኝ» ይለኛል።

ልጅ እንዳይተካበት ብሎ ሚስት ሳያገባ ቀርቷል። ግን የእህት ልጆች አሉት፤ ስማቸው ቤተ መንግሥት ገብቷል። እዚህ ቅጣት እንደ መሬት ይወረሳል፤ ልዩነቱ የሚጣላበት ወራሽ አለመኖሩ ነው።

እንግዲህ አቡሽ ወደ እኔ ሲመጣ ይህን ሁሉ ነግሬዋለሁ። ጎንበስ በል፣ ዕቃውን አስቀምጥ፣ አፍህን ይዘህ ውጣ ብዬዋለሁ። የእማዬን የመጨረሻ ልጅ ግን ታውቀዋለህ፤ ጢም ያወጣ ጎልማሳ ሆኖም አፉ ምርቃት እንደለመደ ነው። አንድ ቀን የብር ቁልፎች ይዞ ወደ ታናሺቱ ልዕልት ክፍል ገባ። መልካቸው «አንቺ» የሚያሰኝ የሃያ ዓመት ኮረዳ ነው፤ የከተማው ግንብ ሲገነባ ግን ቆመው አይተዋል። ቁልፎቹን ወደዷቸውና «ጎበዝ» አሉት። አቡሽ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ቤታችን ወግ፣ «ዕድሜ ይስጥልኝ» አላቸው።

ዋናው ልብስ ሰፊ እዚያው ነበር፤ መቀሱ ከእጄ አመለጠ ብሎኛል። ያ ምርቃት እነሱ ፊት አይነገርም። ዕድሜያችሁ ከሌላ የሚለመን ነው፣ አንድ ቀን ሊያልቅም ይችላል ማለት ይሆናላ። ልዕልቲቱ «ማን ነው የሚሰጠኝ?» ብለው ጠየቁት። አቡሽ የጨዋታ መስሎት «ፈጣሪ ነዋ እመቤቴ፣ ለሁላችንም!» አለ። እሳቸውም ሳቁ። «መልካም፤ ለማናችን አብልጦ እንደሚሰጥ ቆመህ እይልኛ» አሉት።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ መኝታ ክፍላቸው በር አጠገብ ቆሟል። ጠዋት በሩ ሲከፈት ያንኑ ምርቃት ይመርቃቸዋል፤ እሳቸው «አሜን» ይላሉ፤ ቀኑን ሙሉ ይቆማል። ሲሞት ከዘመዶቹ አንዱ ይተካዋል። ፍርዱ ይህ ነው።

ጸሐፊያቸው ዘመዶቹን ፍለጋ ሱቄ ሲመጣ ገበር እየለካሁ ነበር። «ይሄ ሰውዬ የማን ነው?» አለኝ። «ከገበያ በር ያነሳሁት ተሸካሚ ነው፤ አገሩንም አላውቅ» አልኩት። አላመነኝም፤ ይዞኝ ሄደ። አቡሽ ሲያየኝ ፊቱ በራና «እትዬ!» አለ። ጸሐፊው ዞሮ ዓይን ዓይኔን አየኝ።

«ተሸካሚ እኮ ደንበኛውን ሁሉ እትዬ ነው የሚለው» አልኩት። «ይልቅ አንድ ከረጢት ቁልፍ ጎድሎብኛል፤ መጥቻለሁና ይፈተሽልኝ።»

ፈተሹት። ጫማውን ሳይቀር አስወልቀው አራገፉት። አቡሽ ባዶ እግሩን ቆሞ እኔን ብቻ ያይ ነበር። ጸሐፊው አመነኝ።

ወንድም ጋሼ፣ በዚያ ቃል አንተን፣ ልጆችህን፣ ገና ያልተወለዱትንም ከዚያ በር አጠገብ አነሳኋችሁ። እስከዚያ ድረስ ስሌቴ ልክ ነበር። ያላወቅኩት አንድ ነገር ነው፤ ዘመድ ለሌለው ሰው ሌላ መላ አላቸው። ተተኪ ከሌለው ራሱ እንዳይሞት ያደርጉታል። እነሱ የሚጠጡት ጽዋ አለ፤ ስንትና ስንት ባለጸጋ ለምኗቸው አፍሮ ተመልሷል። ለወዳጅ የማይሰጡትን ለተቀጪ ይሰጣሉ። ጽዋው ደግሞ ሰውን ባለበት ነው የሚያቆመው፤ የታመመ አይድንም፣ ያበጠ እግር እንዳበጠ ይኖራል። የአቡሽ እግር ከቁርጭምጭሚቱ በላይ አብጧል። አዲሷ ጨረቃ ስትወጣ ሊያጠጡት ነው።

ማስቀሪያው አንድ ብቻ ነው። ከጨረቃዋ በፊት «ዘመዱ ነኝ» የሚል ሰው ከቀረበ ጽዋው ይቀራል። ያን ጊዜ አቡሽ እንደ ሰው ያረጃል፣ ይሞታል፣ ያርፋል። ከዚያ ዘመዱ ይቆማል፤ ከዚያ የዘመዱ ልጅ።

አንተ ይህን ብትሰማ ስንቅ እንኳ ሳትይዝ እንደምትነሳ አውቃለሁ። «የእናቴ ልጅ ነው» ብለህ ደጃፋቸው ላይ ትጮህ ነበር። እውነትም ይሆናል፤ ትልቁን ልጅህን ግን በዚያች እውነት ሸጥከው ማለት ነው። እኔስ ራሴ ለምን አልቀረብኩም ትል ይሆናል። እኔ እህቱ ነኝ ካልኩ አንተም ወንድሙ ነህ፤ ጸሐፊው እስከ አገራችን ድረስ ነው የሚሄደው። ጋጣ ሲቃጠል ያልተያያዘውን ማዳን ነው እንጂ ለአንዱ ብሎ ለእሳቱ ሁሉንም በር አይከፍቱለትም።

ከትናንት ወዲያ ገበር ሳደርስ በአጠገቡ አለፍኩ። ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ወንድም ጋሼ መቼ ነው የሚመጣው?» አለኝ። መጋረጃ የምታጥፈው ሠራተኛ ከኋላዬ ነበረች። «የማን ወንድም?» አልኩትና አለፍኩ። ወደ ኋላ ዞሬ አላየሁም።

ይህን የምጽፈው ጨረቃዋ ሳትወጣ ነው። ደብዳቤ አድራሹ ዛሬ ጠዋት በደጄ አለፈ፤ አልሰጠሁትም። በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጣ እሰጠዋለሁ። ስለዚህ አንተ እጅ ሲገባ ጽዋው ተጠጥቷል፤ ብትመጣም የምታስቀረው ነገር የለም። እንድትመርጥ ዕድል ብሰጥህ ምን እንደምትመርጥ ስለማውቅ አልሰጠሁህም። ብትረግመኝ ልክ ነህ፤ ብቻ እዚያው ሆነህ ርገመኝ።

ለእማዬ በንዳድ ታሞ ሞተ በላት። ሁለት ቀን ብቻ ነው የታመመው፣ እትዬ አጠገቡ ነበረች በላት። ታልቅስ፤ እዘኑ፤ ጎረቤትም ይምጣ ያጽናናት። የሞተ ሰው ለቅሶው አንድ ቀን ይወጣል። እውነቱን ካወቀች ግን ዕድሜ ልኳን ስታለቅስ ኖራ፣ እሷ ካለፈች በኋላም የሚለቀስለት ልጅ ጥላ ነው የምትሄደው።

ባለቤትህን ሳምልኝ፤ የጠየቀችኝን ሰማያዊ ገበር ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬላታለሁ። መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ለአጎቴና ለሚስቱ ሰላምታዬ ይድረስ። እማዬን እግሯን ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን ደግሞ አክስትህ እንዲህ ትልሃለች በለው፦ ያችን ያጫችሁለትን ልጅ ቶሎ ያግባት፤ ይውለድ፣ ደጋግሞ ይውለድ፣ ማንንም አይፍራ። ተከፍሎበታል።

እህትህ
ከቁልፍና ገበር ሱቄ ጓዳ፣ ማክሰኞ ጠዋት። ዓመቱን አልጻፍኩትም፤ እዚህ አገር ዓመት የሚጽፍ የለም።