ከጌሙ ወሬ ኋላ ያለው ግጥም

ልጄ ፈይሩዝ፣ የአላህ ሰላምና እዝነት ካለሽበት ይድረስሽ፤ ክፉ ዓይን አይይሽ።

እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የመርሳ ሙቀት ብሶበታል፤ ማንጎው ከነአበባው ረገፈ። የጎረቤታችን የንግሥት ልጅ ልዑል ጌም ቤቱ አልበቃ ብሎት መጽሔት ጀምሯል፤ ወልድያ ያሳትመዋል። የፊት የፊቱ ገጽ ሁሉ ስለ ጌም ነው፤ እኔ አንዱም አይገባኝ። ከኋላ ግን የጀማሪዎች ግጥም አለው፤ ከውጭ አገር በስልክ የሚልኩለትም አሉ።

በዚህ ወር የጸሐፊው ስም የሌለበት ግጥም ወጣ። በር ተቆልፎባት ዓመት ሙሉ ፀሐይ ያላየች የሰው ቤት ሠራተኛ የጻፈችው ነው። አገሯን በለቀቀችበት ጠዋት፣ ሚኒባሱ ግቢ እንዲገባ ተብሎ የተቆረጠውን የፓፓያ ዛፍ በግጥሟ ታነሳለች። ያን ፓፓያ የቆረጥኩት እኔ ነኝ። ካነበብኩት ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ፤ መጥረጊያ አነሳለሁ፣ ሳልጠርግ መልሼ እጥላለሁ። «ጁምዓ ጁምዓ እወጣለሁ» ያልሽኝስ?

በስልክ እንዳልጠይቅሽ አባትሽ ላውድ ላይ ያደርገዋል። ልዑልን ብጠይቀው «የላኪዋን ስም አልናገርም፣ እትዬ አሚና» አለኝ። «እንግዲያው ይህን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ለእሷው ላክላት» አልኩት።

አባትሽ ግጥሙ ሱቅ ሲነበብ ሰምቶ፣ የማን እንደሆነ ሳያውቅ እንባው መጣ። ከሶላት በኋላ እጁን ዘርግቶ «ያ ረቢ፣ የዚያችን ልጅ እናት አንተ አጽናት» ሲል፣ አጠገቡ ሆኜ «አሚን» አልኩ።

እባክሽ ልጄ፣ ለመጽሔት የነገርሽውን ለእኔም ንገሪኝ። አላህ የተዘጋውን በር ይክፈትልሽ።

አባትሽ ሳያውቅ ዱዓ ያደረገላት፣
እናትሽ