የአይ ሐዋ ድምፅ በክቡርነትዎ ቁም ሳጥን

ሐረር፣ ፈላና በር፤ ጥር 14 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለተከበሩ የመዝናኛ መሣሪያዎች ፈቃድ ክፍል ሹም፣

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ወንበርዎ አልጎረበጠዎትም፣ ማኅተምዎም አልከበደዎትም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ፤ ከፈላና በር እስከ ቢሮዎ ደጅ ሰባት ወር የተመላለሰው እግሬ ብቻ ትንሽ ያመኛል።

ባለፈው ሰኔ፣ የሠርግ ዘፈን በቴፕ ሪከርደር እየቀዳሁ በየሻይ ቤቱ ለማሰማት ፈቃድ መጠየቄን ያስታውሱ ይሆናል። ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

1ኛ፦ ቅጽዎ ሬዲዮንና ሲኒማን ብቻ ስለሚያውቅ፣ መሣሪያዬ ከሁለቱም አለመሆኑ እንደ ጥፋት ተቆጥሮበት «ለምርመራ» ድምፅ ከተቀዳበት ክሩ ጋር ቁም ሳጥንዎ ውስጥ ተቆለፈበት። ከሌባ ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ።

2ኛ፦ የዚህ ሥራ የወደፊት ዕድገት በጥናት ይቅረብ ስላሉኝ አቀረብኩ። በዐሥር ዓመት ውስጥ ከኤረር በር እስከ ሶፊ ቴፕ የሌለው ሱቅ እንደማይገኝ፣ አንድ ቀንም ድምፅ ብቻ ሳይሆን ምስልም በየቤቱ እንደሚቀዳ ጻፍኩ። ክቡርነትዎ በቀይ ቀለም «ተስፋ የለውም» ብለው መለሱልኝ፤ የእጅ ጽሑፍዎ በጣም ያምራል።

3ኛ፦ ክሩ ላይ ያለው የአይ ሐዋ ድምፅ ነው ብዬ ስንት ጊዜ አመለከትኩ። አይ በእኛ ቋንቋ እናት ማለት ነው፤ እኒህ ሴት በሐረር ስንቷን ሙሽራ በዘፈን የሸኙ፣ ሌላ ሰው የማያውቀውን የድሮ ዘፈን በቃላቸው የያዙ ነበሩ። መታመማቸውን፣ ድምፃቸውም ተዘግቶ ዳግም መቅዳት እንደማይቻል ነገርኩዎ። ነገ እንድመለስ አዘዙኝ። ተመለስኩ፤ በማግስቱም ተመለስኩ። የቢሮዎን ደረጃ በቃሌ አጠናሁት።

አይ ሐዋ ባለፈው ሐሙስ ዐረፉ፤ አላህ ይርሐማቸው። በማግስቱ መሣሪያዬ ያለ ፈቃድም ያለ ክልከላም ተመለሰልኝ። ይህን ፍጥነት ስላሳዩን ሰፈሩ በሙሉ ተደንቋል።

ማኅተምዎ ቀለም እንዳያጣ፣ ደጅዎም ሰው እንዳያጣ እየተመኘሁ፣ የጉልበቴን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

የደጅዎ ቋሚ ተሰላፊ፣
ዐብዱልጀሊል ዑመር

ማስታወሻ፦ ሲመረምሩት የተጫኑት ቀዩ ቁልፍ የሚቀዳው እንጂ የሚያሰማው አልነበረም፤ ሲቀዳም የቀደመውን ያጠፋል። ለቅሶ ቤት የአይ ሐዋ ልጅ ዐዚዛ የእናቷን ድምፅ ልትሰማ አጠገቤ ተቀምጣ ቴፑን ብከፍተው፣ ክሩ እስኪያልቅ የሚሰማው የእርስዎ ድምፅ ነው፤ ለባለጉዳዩ ሁሉ «ነገ ተመለስ» ይላል። ዐዚዛ እስከ መጨረሻው አዳመጠችዎት፤ ምናልባት እናቷ ከእርስዎ ቀጥለው ይመጡ እንደሆነ ብላ።