ሦስተኛው ፊዮርድ፣ ሦስተኛው ወር

ውድ ወንድሜ ኦድቫር፣

እንደምን ከረምክ? ወገብህስ እንዴት ነው፤ ብርዱ አልጠናበትም? ሲግኒና ልጃችሁ ሲሪ ደኅና ናቸው? እማዬስ ደረጃውን ትወጣዋለች ወይስ ታች ሳሎን ነው የምታድረው? እኔ ደኅና ነኝ ልልህ ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ ድካሙ አጥንቴ ድረስ ገብቷል።

በደብዳቤህ «አንቺ እዚያ የዓሣውን ቁጥር የሚያወጣው መሥሪያ ቤት ነሽ፤ በእኛ ፊዮርድ፣ በተራሮቹ መሃል በገባው ባሕራችን፣ ኮድ ዓሣ ሞልቷል ያላችሁት እውነት ነው? የእኔ መረብ ባዶ የሚወጣው ጀልባዬ አሮጌ ስለሆነች ይሆናል፤ የአባባን መሬት ሸጬ ትልቋን ልገዛ ነው» ብለሃል። አዎ ብዬህ ዝም ብል ይቀለኝ ነበር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባል የለ፤ እኔም ጎረጎርኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የተያዘውን ዓሣ ቁጥር ኮምፒውተሩ ውስጥ እንደ ሳጥን እንደረድረዋለን፦ በአንዱ ጎን ፊዮርዶቹ፣ በሁለተኛው ወሮቹ፣ በሦስተኛው ዓመቶቹ። የየፊዮርዱን አማካይ ስንፈልግ ወሮቹንና ዓመቶቹን አንድ ላይ ጨፍልቃቸው እንለዋለን፤ የትኛው ጎን ሳይነካ እንደሚቀር የምንነግረው ግን በስሙ ሳይሆን በተራ ቁጥሩ ነው። ባልደረባዬ ሃልቫርድ አንድ ማለት ሲገባው ሁለት አለ። ፊዮርዶቹ ተጨፈለቁ፣ ወሮቹ ቀሩ። ማሽኑም ትንፍሽ አላለም፤ የምንለካቸው ፊዮርዶች አሥራ ሁለት፣ ወሮቹም አሥራ ሁለት፣ ሰንጠረዡ ልክክ አለ። ሃልቫርድም የፊዮርዶቹን ስም በየወሮቹ ላይ ለጠፈ።

የእኛ ፊዮርድ በዝርዝሩ ሦስተኛ ነው። ሦስተኛው ወር ደግሞ ማርች፣ ዓሣው እንቁላሉን ሊጥል ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበት። የእኛ ነው ብለህ የተደሰትክበት ሀብት የሁሉም ፊዮርድ የማርች ዓሣ ነው፣ ወንድሜ። አስተካክዬ ሳሰላው የእኛው ከአሥራ ሁለቱ መጨረሻ ሆኖ አገኘሁት። ተሳስቼ በሆነ እያልኩ ደጋግሜ አሰላሁት። ሃልቫርድ ሳሳየው «ምነው እጄን በቆረጠው!» አለ፤ ቆይቶ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የአንቺው አገር እኮ ነው፤ አስበሽበታል?» አለኝ።

አስቤበታለሁ። ዛሬ ጠዋት የታረመውን ለኃላፊዋ አስረከብኩ። ከአዲሱ ዓመት ጀምሮ ፊዮርዱ ለአጥማጅ ይዘጋል አለችኝ። አባባ ዕድሜውን የጨረሰበትን ውሃ በገዛ እጄ አዘጋሁት። ስልኩን አንስቼ መለስኩት፤ ይህን ወረቀት ያዝኩ። ከሬዲዮ ከምትሰማው ከእህትህ ስማው። ከፈለግህ ተቀየመኝ፤ መሬቱን ግን አትሽጥ፣ ጀልባዋንም አትግዛ።

ሲግኒን ሳምልኝ፤ የላከችው የሱፍ ካልሲ ባይኖር እግሬ በብርድ በደረቀ ነበር። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ የፊዮርዱን ነገር ከምግብ በኋላ ንገራት፣ አለበለዚያ አትበላም። ለትንሿ ሲሪ፣ አዲሷ ጀልባ ላይ ስምሽ ይጻፋል ብለህ ቃል ለገባህላት፣ ጀልባዋን ያስቀረችብሽ አክስትሽ ናት በላት። አንተን እንዳትጠላህ።

እህትህ ጉንቮር
ትሮንድሃይም፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1999