በኃይል ጎትቱት ያላልከው አባቴ

አባዬ፣

ከተለየኸን ዓመት ሞላህ። ባለፈው እሑድ የካ ሚካኤል ሙት ዓመትህን አሰብን። ለእኔ ግን ገና ሰባት ወርህ ነው፤ አምስቱን ወር እኔ ዘንድ በሕይወት ነበርክ። ማላዊ ገጠር ቁጭ ብዬ ለሞተ ሰው "እንዴት አደርክ" እያልኩ ስጽፍ ከረምኩ።

ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ ውሸት ነው። የወሰን ሰፈር መንገድ ሰፍቶ አጥራችንን በላው፣ የተከልካት ኮክም አብራ ሄደች። የመፍቻ ሳጥንህ አልጋዬ ሥር ነው። ሳሚ ሊሸጠው ነበር፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ከወንድሜ ጋር አሁን ከሰላምታ ያለፈ ነገር የለንም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ፣ አንተ ብቻ ነህ ያልሰማኸው።

በበጎ ፈቃድ ንጽሕና ላስተምር ስነሳ እንዴት እንደሳቅህብኝ! የራሳችን ቧንቧ ውሃ እየጠፋ አንቺ ለማላዊ ውሃ ልታጠጪ ነው እያልክ፣ እንጦጦ ፓርክ እስክንደርስ አላረፍክም።  እዚያ ላይ ስንቀመጥ ግን ዕድሜ ልክህን ቧንቧ ስትፈታና ስትገጥም የተማርከውን ነገርከኝ፦ ቧንቧ እልህ አይወድም፤ እምቢ ካለሽ ተይውና በማግስቱ ተመለሺበት።

መንደሩ ውስጥ አንድ የእጅ ፓምፕ ነበር። ሲበላሽ አንተ አጠጋገኑን በድምፅ ትልክልኛለህ፣ እኔ ለሴቶቹ አስተረጉማለሁ፤ እንዲህ እያልን ሁለት ጊዜ አስነሳነው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኤስቴሪ ስምህን እያጣመመች ትጠራህ ነበር። በአንተ የኮራሁትን ኩራት!

በኋላ መልስህ በጽሑፍ ይመጣ ጀመር። ሳሚ የአባዬ ስልክ ድምፅ አልቀዳ ብሏል አለኝ፣ አመንኩት። ለካ በሰው አገር ብቻዋን ላለች ልጅ መርዶ አይነገርም ብሎ ዘመዱ ሁሉ ተማክሮ፣ ስልክህን ለእሱ ሰጥቶታል። "ደህና ነኝ፣ በርቺ ልጄ" እያለ በአንተ ስም ይጽፍልኛል። ምናለ በርቺ ብሎ ብቻ በተወኝ!

ፓምፑ ለሦስተኛ ጊዜ ቆመ። ቧንቧውን ስናወጣ መሃል ላይ ያዘብንና ምን እናድርግ ብዬ ጻፍኩልህ። ሳሚ ስለ ቧንቧ ምን ያውቃል? ዝም ካልኩ ትጠረጥራለች ብሎ መለሰልኝ፦ በኃይል ጎትቱት።

ጎተትነው። ተበጥሶ ወረደና ጉድጓዱን ደፈነው። የሚያወጣልን አጣን። ሴቶቹ ጄሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዙ ተመለሱ። ዓመት ሙሉ አትጠጡት እያልኩ ያስተማርኳቸውን ውሃ ፊቴ ይቀዱ ጀመር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ጊዜዬ አለቀና ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ኤስቴሪ አልተቆጣችኝም፤ አባትሽም ይሳሳታል ብቻ ነው ያለችኝ።

አየህ አባዬ? የጎረቤት ቧንቧ በነጻ ስትጠግን የኖርከው ሰውዬ፣ እዚያ መንደር ውሃ ያስቆመ ሰው ሆነህ ቀረህ።

በመጣሁ ማግስት በማለዳ ዘመዶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። አልቅሼ ሳልጨርስ ያረፍክበትን ቀን ጠየቅኩ። ያ የጎትቱት መልእክት ሲላክልኝ ከተቀበርክ አራት ወር አልፎህ ነበር። ለቅሶው መሃል ሳሚ ላይ ጮህኩበት። ላንቺ ብዬ ነው አለኝ እያለቀሰ። ለእኔ ብሎ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እሱ ነው የሚያንገበግበኝ።

ግን ሁሉንም በሳሚ ባላክክ አንተው ትታዘበኛለህ። ቧንቧ እልህ አይወድም ያልከው ለእኔ ነው። ይሄ የአባዬ ቃል አይደለም ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ። ሴቶቹ ከበውኝ ቆመው ሲጠብቁ ቸኮልኩ፣ አዋቂ መምሰል አማረኝ።

ለኤስቴሪ እውነቱን ጻፍኩላት፤ መልስ የለም። ስልኳ ተዘግቶ ይሁን ስላልፈለገችኝ አላውቅም። ቢደርሳትስ? ውሃ አይሆናት።

የምገባልህ ቃል ትንሽ ነው። የላክህልኝን ድምፆች አላጠፋቸውም፣ ሳጥንህም ከቤት አይወጣም። እዚያ መንደር ስምህ ሲነሳ የሚያስተካክልልህ ሰው የለም። እኔ ግን በኃይል ጎትቱት ያልከው አንተ እንዳልሆንክ እስክሞት አውቃለሁ።

ያን ቀን ግን አላወቅኩህም።

ልጅህ ሰናይት