ሁለቱን ዲስኮች ለገመገሙት ሰብሳቢያችን

ለተከበሩ አቶ ሣህሉ
የሠፈራችን ጥቃቅን ተቋማት የልማት ቡድን ሰብሳቢ
ጅማ

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ሰላምና የወንበርዎን መርጋት በታላቅ አክብሮት እመኛለሁ። የቪዲዮ ባለሙያው የጀማለዲን ልጅ ማሂራ ነኝ። ቤታችን በመጡ ጊዜ ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ሁሉንም ስሰማ ነበር፤ ወጥቼ እጅ ስላልነሣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። እናቴ ስትሞት ከሰባተኛ ክፍል ስለቀረሁ በጽሑፌ ስሕተት ቢያገኙ እንደ ልማድዎ ይገምግሙልኝ። ደብዳቤዬን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ለብቻዎ ብሰጥዎ ምስጋናዬ ተደብቆ እንዳይቀር ሰግቼ ነው።

ለማያውቁት ጎረቤቶቻችን ነገሩን ላስረዳ። አባቴ የሠርግ ቪዲዮዎቹን ሁሉ የሚያስቀምጠው በሳሎናችን ጥግ ባለች፣ ከኮምፒውተሩ ጋር በኔትወርክ ገመድ በተያያዘች ሣጥን ውስጥ ነበር። በሣጥኗ ውስጥ ሁለት ዲስኮች አሉ። አንዱ ላይ የተጻፈው ሁሉ ወዲያውኑ ሌላውም ላይ ይጻፋል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው እንዲተርፍ ነው። መብራታችን እንዴት እንደሚሄድና እንደሚመጣ ለሚያውቅ የጅማ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩. ዲስክን ለግምገማ ያቀረቡ የመጀመሪያው መሪ ስለሆኑ አመሰግናለሁ። አባቴ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነገር እንደሚይዙ ሲነግርዎ፣ ወንበሩ ላይ ተመቻችተው «ሁለት ሠራተኛ ለአንድ ሥራ? ይሄማ ግልጽ ብክነት ነው! አንደኛው ምን ሲሠራ ይውላል?» አሉት። አባቴ አንዱ ዲስክ ጓደኛውን እንደሚጠብቅ ነገረዎት። «ጠባቂነት ነው እኮ እየታገልነው ያለው!» ብለው ሳቁ፤ አብሮዎት የመጣው ሠልጣኙ ልዑልም ሳቀ። አባቴም ሳቀ፣ የሥራ ፈቃዱ የሚታደሰው በእርስዎ ድጋፍ ስለሆነ። ያን ሳቁን እስከ ዛሬ እሰማዋለሁ።

፪. ስለ ቆራጥነትዎ አመሰግናለሁ። የዲስኮቹ አሠራር ሥራውን ለሁለት እንዲካፈሉ ሆኖ እንዲለወጥ አዘዙ። ልዑል የኮምፒውተሩ መስኮት ላይ የወጣውን ማስጠንቀቂያ አንብቦ «ጋሼ፣ ያለው ሁሉ ይጠፋል እያለ ነው» ሲልዎ አባቴ ከመቀመጫው ተነሣ። እርስዎ ግን በእጅዎ መልሰው አስቀመጡትና «ለውጥ ሲመጣ የማያጉረመርም የለም፤ ማሽንም እንደ ሰው ነው። እሺ በለው!» አሉ። ልዑልም እሺ አለው። የሰውን ቅሬታ እንደማይሰሙ አውቅ ነበር፤ የማሽንም እንደማይሰሙ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። አድልዎ የለብዎትም።

፫. ይህን ለመጻፍ ቆይቻለሁ። እናቴ ፈድሊያ ካሜራ አትወድም ነበር። አባቴ የሰውን ሁሉ ሚስት ሲቀርጽ የራሱን ሚስት ድምፅ ያገኘው አንድ ቀን ብቻ፣ አጋሮ ላይ በአክስቴ ልጅ በለጢፋ ሠርግ ነው። ካሜራውን ሲሞክር እናቴ ድስት ይዛ በፊቱ አለፈች። «ማሎ፣ እባክህ ጀማል! ሙሽራዋ ወዲያ ናት፤ እኔን አሮጊቷን ቀርጸህ ማንን ልታስፈራራ ነው?» አለችውና ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ሳል አቋረጣት። በቃ፣ ያ ብቻ ነው። ለደንበኛ የማይሰጥ ቁራጭ ስለሆነ ለለጢፋ በተሰጠው ሲዲ ላይ የለም፤ የነበረው ሣጥኗ ውስጥ ብቻ ነው። ቤቱ ሰው ሲያጣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ እሰማው ነበር። ትንሿ እህቴ ኢሕሳን እናታችን ስትሞት ገና ነፍስ ስላላወቀች ድምፅዋን የምታውቀው ከዚያው ነው። አሁን «እማ እንዴት ነበር የምትስቀው?» ትለኛለች። እኔ ደግሞ እንኳን የሰው፣ የራሴም ሳቅ በቅጡ የማይወጣልኝ ሰው ነኝ።

፬. ስለ ትጋትዎም ላመስግን። አዲስ አበባ ያለ የአባቴ ወዳጅ፣ ዲስኮቹ ላይ አዲስ ነገር ካልተጻፈባቸው የጠፋውን መመለስ ይቻል ይሆናል ብሎን ነበር። ነገር ግን እርስዎ ባዶ ቦታ አይወዱም። ዲስኮቹ ገና ባዶ እንደሆኑ የቡድኑን ጉባኤዎች ቅጂ በሙሉ አስመጥተው እስኪጠግቡ አስሞሏቸው፤ በሪፖርትዎም «የማከማቻ አቅም በእጥፍ አደገ» ብለው ጻፉ። እውነት ነው፣ ሰው የወጣበት ቤት ይሰፋል። አባቴ የወዳጁን ምክር ተከትሎ ዲስኮቹን ልኮ ነበር፤ መልሱ መጥቷል። ከእናቴ የተረፈ ምንም የለም። የእሷ ሳቅ በነበረበት ቦታ ላይ አሁን እርስዎ ስለ ሀብት ቁጠባ ይናገራሉ። አንዱን ንግግርዎን ከፍቼ እስከ መጨረሻው ሰማሁት፤ ምናልባት ከመካከሉ ትወጣ ይሆናል ብዬ። አልወጣችም። ከዚያ ወዲህ ድምፅዎን በመንገድ ስሰማ በሌላ መንገድ እዞራለሁ፤ ይህንንም በትሕትና ነው የምገልጽልዎ።

ካሳ አልጠይቅም። የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሌላ ሰው ቤት ገብተው ሁለት አንድ ዓይነት ነገር ቢያዩ፣ እባክዎ አንዱን ለምን እንዳስቀመጡት ይጠይቁና መልሱን እስኪጨርሱ ይታገሱ።

ለሠፈራችን የሰፋ ባዶነት ላበረከቱልን አባታችን ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ
ማሂራ ጀማለዲን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትናንት ባለቤትዎ ወይዘሮ ውብነሽ ቤታችን መጥተው ነበር። ባለፈው ወር የተዳረችውን የልጃችሁን የትሕትናን ሠርግ ቪዲዮ ሊወስዱ ነው፤ ገና ተቀናብሮ ስላላለቀ እሱም ያለው ሣጥኗ ውስጥ ነበር። አባቴ አፍሮ ወደ ጓዳ ገባ። እኔ ግን ከመጋረጃው ወጣሁና የሆነውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። እሳቸውም አልጮኹም፤ ነጠላቸውን አስተካክለው «ግዴለም ልጄ፣ ቤት ሲገባ እጠይቀዋለሁ» ብለው ሄዱ። እንዴት አመሹ?