ከመታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የነቀልኩት ወረቀት

ኑች፣

ሩዙ ማብሰያው ውስጥ አለ፣ ሳይደርቅ ብዪው። ድመቷ በልታለች፤ ብትጮህ አትመኚያት።

መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ የለጠፍኩትን ወረቀት ነቅዬ ወስጄዋለሁ። ፊደል እየደረደርን ቃል ለምንሠራበት ጨዋታ የጻፍኳቸው፣ ኪው እና ኤ ፊደላት ጎን ለጎን ያሉባቸው አጫጭር የእንግሊዝኛ ቃላት፣ ከነትርጉማቸው። የሚታኘከው ቅጠል፣ ዳኛው፣ ከመሬት በታች የሚሄደው የውሃ ቦይ፣ የፊት መሸፈኛው። «ትርጉም ነጥብ አያሰጥም፣ አንቺ ሞኝ!» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር። ይኸው፣ በሩ ባዶ ነው። ደስ ይበልሽ።

«ፋ ሰው ፊት እጇ ይንቀጠቀጣል» ብለሽ ለአሰልጣኛችን ነግረሽ በውድድሩ ቦታዬን እንደወሰድሽ ትናንት ከራሱ ሰማሁ።

ጽሑፌን እዪው። ተንቀጥቅጧል?

የትራንግ ከተማ ቡድን ሰው ጎድሎበት ነበር፤ እዚያ ገብቻለሁ። ዕጣው ወጥቷል፦ ቅዳሜ፣ ጠረጴዛ አራት፣ አንቺና እኔ።

ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት፣ ሞተርሽ ላይ ከኋላሽ ተቀምጬ ቃላት ሳስጠናሽ ኖርኩ። ሁልጊዜ የሚጠፉብሽ አሥራ አንድ ናቸው፤ አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ቅዳሜ ፊትሽ እደረድራቸዋለሁ። «እንዲህ የሚባል ቃል የለም» ብለሽ በተከራከርሽ ቁጥር፣ ቃሉ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ስላለ ተራሽን ታጪያለሽ። ያኔ ትርጉማቸውን እነግርሻለሁ፣ ቀስ ብዬ።

የእኔን ድክመት ፈልገሽ እንዳትደክሚ። በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ «አንቺንስ ልጠይቅሽ?» ብለሽኝ አታውቂም።

ቁልፉ ጫማሽ ውስጥ ነው።

ፋ